ፍሬን ከረገጥኩ በኋላ ለምን እንቀጠቀጣለሁ? የሰሜን ሸዋ አንባቢያን ጥያቄዎችና የሐኪም መልሶች

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ስለይ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጡት አምስቱ ጎን ለጎን መነበብ እንዳለባቸው ተሰማኝ። አንዱ ስለ ድንጋጤ ይጽፋል፣ አንዷ ስለ ፈተና፣ ሌላዋ ስለ እንቅርት፣ ሌላው ስለ ልጁ ስኳር። ሁሉም የሚጠይቁት ግን ስለ ሁለቱ የሰውነት አዛዦች፣ ስለ ነርቭና ስለ ሆርሞን ነው። በሕክምና ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ብዙ ሕመምተኛ የሚጎዳው የእነዚህን የሁለቱን ፍጥነት ካለማወቅ መሆኑን ነው። በቅጽበት መጥቶ በሰዓት ውስጥ የሚያልፈውን ሕይወቱን ሙሉ የሚኖርበት ይመስለዋል፤ በሳምንታት የሚሠራውን መድኃኒት ደግሞ ቶሎ ለውጥ ካላየበት ይተወዋል። ስለዚህ በመልሶቼ ውስጥ ደቂቃና ሳምንት እየቆጠርኩ ብመላለስ አትሰልቹብኝ።

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የምመላለስ የሕዝብ ማመላለሻ አሽከርካሪ ነኝ። ባለፈው ጣርማበርን አልፌ ቁልቁለቱን ስወርድ ጉሙ ከፊት ያለውን አያሳይም ነበር። መብራት ያላበራ የጭነት መኪና ድንገት ብቅ አለብኝ። እግሬ ፍሬን ላይ ያረፈው ሳላስበው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፍን። ደብረ ሲና ደርሼ ሻይ ሳዝዝ ግን እጄ ብርጭቆውን መያዝ አቃተው። አፌ ደርቋል፣ ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል። አደጋው ካለፈ በኋላ እንዲህ መሆኔ የልብ በሽታ ይሆን? ጓደኞቼ ፈሪ ሆነሃል ይሉኛል።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን አተረፈዎት። ፈሪ አልሆኑም፤ ከጻፉልኝ እንደምረዳውም ልብዎ ያደረገው ማንኛውም ጤናማ ልብ የሚያደርገውን ነው።

እግርዎ ፍሬኑን የረገጠው በነርቭ ትእዛዝ ነው። ዓይን ያየው ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ከአንጎል በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ እግር ጡንቻ ይወርዳል። ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት ፈጣን ነርቮች መልእክታቸውን በሰከንድ እስከ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ያስኬዳሉ፤ ስለዚህ ከራስ እስከ እግር ያለው መንገድ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ያህል ቢፈጅ ነው። ጊዜው የሚባክነው አንጎል ያየውን ለይቶ እስኪወስንና እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ንቁ አሽከርካሪም ቢሆን አንድ ሰከንድ ገደማ ሊወስድበት ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ 11 ሜትር ተጉዟል። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ፍጥነት ቀንሱ የምንለው ለዚህ ነው፤ የነርቭን ፍጥነት በልምምድ ከዚህ በላይ ማሳደግ አይቻልም።

በዚያችው ቅጽበት ሌላ ትእዛዝ ደግሞ ወደ ኩላሊቶችዎ አናት ወርዷል። እዚያ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ግራም ያህል ቢመዝኑ ነው። የዕጢው ውስጠኛ ክፍል ከነርቭ ጋር በቀጥታ የተገናኘ በመሆኑ፣ ሰው ሲደነግጥ በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቅቃል። ቀጥሎ የሚሆነውን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። ልብ በፍጥነትና በኃይል ይመታል። የሳንባ ቧንቧዎች ይሰፋሉ። ጉበት ያከማቸውን ስኳር ለጡንቻ ይለቅቃል። የምግብ መፍጨት ሥራ ለጊዜው ስለሚገታ ምራቅ ይደርቃል። የቆዳና የሆድ ደም ስሮች ይጠባሉ፤ የደነገጠ ሰው ፊቱ አመድ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። አድሬናሊን ጡንቻን ስለሚያነቃቃ ጣት ይንቀጠቀጣል። ሰውነትዎ ለሩጫ ወይም ለትግል ተሰናድቶ ሳለ እርስዎ መሪ ጨብጠው ተቀምጠዋል፤ በኋላም ሻይ ሊጠጡ ተቀመጡ።

አድሬናሊን ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። ደም ውስጥ ከገባው ግማሹ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ይጠፋል። ታዲያ እስከ ደብረ ሲና ምን አቆየው? አንደኛ፣ ከኋላው ኮርቲዞል የተባለ ሌላ ሆርሞን ይከተላል። የእርሱ መንገድ ረጅም ነው፤ ከአንጎል ሥር ካለው ሃይፖታላመስ ተነሥቶ፣ በፒቱታሪ ዕጢ አልፎ፣ ወደ አድሬናል ዕጢ ውጫዊ ክፍል ይደርሳል። ስለዚህ ኮርቲዞል ከፍ ብሎ የሚታየው ከድንጋጤው ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው፤ ወደ ነበረበት ለመመለስም ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ እርስዎ በየደቂቃው ያንን የጭነት መኪና በሐሳብዎ እያዩት ነው። አንጎል ትዝታን ከእውነተኛው አደጋ ብዙም ስለማይለየው በየጊዜው አዲስ አድሬናሊን ያዝዛል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ አመቺ ቦታ ላይ መኪናውን ያቁሙ። ወርደው ይራመዱ፤ ጡንቻዎ ለሥራ ተዘጋጅቷልና ሥራ ይስጡት። ከዚያ አየር በአፍንጫ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ከሳቡበት ጊዜ በረዘመ ጊዜ ያስወጡ። ረጅም ትንፋሽ ማስወጣት ቫጉስ የተባለውን፣ ከአንጎል ግንድ እስከ ልብና ሆድ የሚወርደውን ነርቭ ያነቃዋል፤ ቫጉስ ደግሞ የልብን ምት የሚያረጋጋ ነው። ቡናው ትንሽ ይቆይ። አረቄ ግን በፍጹም፤ እጅ መንቀጥቀጡን የሚያቆም ቢመስልም ፍሬን ላይ የሚያስፈልግዎትን ያችን ሰከንድ ያረዝምብዎታል። ለባለንብረቶችም አንድ ቃል አለኝ፦ ከአደጋ ለጥቂት የተረፈን አሽከርካሪ ወዲያው «ተሳፋሪ ጫን» ማለት ተሳፋሪውን በአደገኛ ሰው እጅ መስጠት ነው። ሰውየው ጥፋት የለበትም፤ ሰውነቱ ገና አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ ስል ልብዎን አይመርመሩ ማለቴ አይደለም። የልብ ምቱ ያለ ድንጋጤ ተቀምጠው ሳሉ የሚመጣ ከሆነ፣ ደረትዎን የሚጫንና ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ካለው፣ ወይም ራስዎን የሚያስትዎ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት። እጅዎ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ፣ ምግብ እየበሉ የሚከሱና ብርዱ አገር ላይ የሚያልብዎ ከሆነም የታይሮይድ፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው ዕጢ ምርመራ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የነርቭ ሥርዓትንና የሆርሞን ሥርዓትን በሁለት ምዕራፍ ለየብቻ ተማርን። ልዩነታቸውን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ሸምድጄዋለሁ፤ ግን ከሁለቱ አለቃው ማን እንደሆነ አልገባኝም። ዶክተር፣ ቢያስረዱኝ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ከሰንጠረዡ ይበልጣል። መጽሐፉን ለጊዜው ዝጊውና ገጠር ያለ ዘመድ ጋ ስትሄጂ ማለዳ ላም ስትታለብ ቆመሽ ተመልከቺ።

እኔ መንዝ ነው ያደግኩት። እናቴ ግሬራዋን ይዛ ከላሟ ሥር ከመቀመጧ በፊት ጥጃውን ትለቅለት ነበር። ጥጃው ጡቱን እየጎነተለ ጥቂት ይጠባል፤ ወዲያው ይሳብና ከላሟ ፊት ይታሰራል። እሷ ትልሰዋለች፣ እናቴ ታልባለች። ጥጃው ካልቀረበላት ላሟ ወተቷን አታወርድም። እናቴ ደግሞ በዚያ ሰዓት እንግዳ ሰው ወይም ውሻ ወደ በረቱ እንዲጠጋ አትፈቅድም፤ ማለብ ከጀመረች በኋላም ከማንም ጋር ወሬ አትይዝም፣ ትፈጥናለች።

አሁን ይህን በምዕራፎችሽ ቋንቋ ልንገርሽ። የጥጃው አፍ ጡቱን ሲነካ ነርቭ መልእክቱን በኅብለ ሰረሰር ወደ አንጎል ያደርሳል። እስከዚህ ድረስ የነርቭ ምዕራፍ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ሃይፖታላመስ ጋ ነው። እዚያ ያሉት አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ጫፋቸው ወደ ፒቱታሪ ዕጢ ኋላ ክፍል ይዘልቃል፤ ከጫፋቸውም ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን በቀጥታ ደም ውስጥ ያፈስሳሉ። ከዚህ በኋላ የሆርሞን ምዕራፍ ነው። ኦክሲቶሲን በደም ተጉዞ ጡቱ ውስጥ በወተት ከረጢቶቹ ዙሪያ ያሉትን ሴሎች ያኮማትራል፤ ወተቱም ይወርዳል። ከንክኪው እስከ ወተቱ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ሆርሞኑ ጉልበቱ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ በመሆኑ እናቴ መፍጠኗ ትክክል ነበር። ውሻውን ማባረሯም ትክክል ነበር፤ የደነገጠች ላም አድሬናሊን ትለቅቃለች፣ አድሬናሊን ደግሞ የጡቱን ደም ስሮች አጥብቦ ኦክሲቶሲንን ሥራ ያስፈታዋል። የምታጠባ እናትም ሕፃኗ ሲያለቅስ ገና ሳይጠባ ወተቷ የሚፈስሰው፣ ስትጨነቅ ደግሞ አልወርድ የሚላት በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ያ ሃይፖታላመስ ውስጥ ያለው ሴል ነርቭ ነው ወይስ ዕጢ? ሁለቱንም ነው። ለጥያቄሽ መልሱ እዚህ ላይ አለ። ሁለቱ ምዕራፎች የተለያዩት ለማስተማር እንዲመች ነው እንጂ ሰውነት ውስጥ ድንበር የላቸውም። መገናኛቸው ሃይፖታላመስ ነው፤ አራት ግራም ያህል የሚመዝን የአንጎል ክፍል። ከሥሩ የተንጠለጠለው ፒቱታሪ ደግሞ አተር የሚያህል፣ ግማሽ ግራም ገደማ የሆነ ዕጢ ነው። በእነዚህ በኩል የታይሮይድ፣ የአድሬናል ውጫዊ ክፍልና የመራቢያ ዕጢዎች ይታዘዛሉ፤ የሰውነት ዕድገትም እንዲሁ።

ልዩነታቸውን ማስታወስ ከፈለግሽ ይህን ያዢ፦ ሆርሞን ገበያ መሐል እንደሚነገር አዋጅ ነው። ድምፁን ሁሉም ይሰማዋል፣ የሚነሣው ግን ጉዳዩ የሚመለከተው ብቻ ነው። ኦክሲቶሲን በደም ሲዞር ጉልበትሽንም ጆሮሽንም ይደርሳል፤ የሚቀበለው ተቀባይ ያለው ሴል ብቻ ስለሆነ ጆሮሽ ምንም አይሆንም። ነርቭ ግን ለይቶ ለአንድ ጡንቻ ወይም ለአንድ ዕጢ ይናገራል።

ሁለት ሙከራዎች ልጨምርልሽ፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ የመሰጡኝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ዊሊያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የውሻ አንጀትን ቁራጭ ወስደው ነርቮቹን በሙሉ በጠሱ፤ አንጀቱ ከሰውነት ጋር የተገናኘው በደም ስር ብቻ ሆነ። ከዚያ አሲድ ጨመሩበት። ቆሽት መልእክቱ ደረሰውና ፈሳሹን ማመንጨት ጀመረ። ነርቭ በሌለበት መልእክት ያደረሰው ደም ውስጥ የገባ ነገር ነበር፤ ሴክሬቲን ብለው ሰየሙት። ሆርሞን የሚለውን ስም ስታርሊንግ ያስተዋወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ በኦስትሪያዋ ግራትዝ ከተማ ኦቶ ሎዊ ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን ወሰደ። የመጀመሪያውን ልብ በቫጉስ ነርቭ በኩል አነቃቅቶ ምቱን አዘገየው። ከዚያ ያንን ልብ የከበበውን ፈሳሽ ወስዶ ሁለተኛው ላይ አደረገው፤ ሁለተኛውም ዘገየ። ነርቭ ራሱ በጫፉ የሚናገረው በኬሚካል እንደሆነ ያሳየ ሙከራ ነው። ሎዊ የሙከራው ሐሳብ የመጣለት በሕልሙ እንደነበረ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እነዚህን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጥሽ ሰንጠረዡን መሸምደድ አያስፈልግሽም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ፈተና ላይ «ሁሉም ዕጢ በፒቱታሪ ይታዘዛል» የሚል ካገኘሽ ሐሰት በይ። ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ሴሎች የደሙን ስኳር ራሳቸው ይለካሉ፤ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት ፓራታይሮይድ ዕጢዎችም ካልሲየሙን ራሳቸው ይጠብቃሉ።

ጥያቄ፦ «መሐል ሜዳ ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬ 67 ነው። ብርዱ ሲጠነክር ሽንቴ ይበዛል። ውሃ እንኳን ሳልጠጣ! ኩላሊቴ ብርድ መታው ማለት ነው?»

መልስ፦ አባቴ፣ ኩላሊትዎን ብርድ አልመታውም። ቆዳ ሲበርደው ነርቭ የቆዳን ደም ስሮች ያጠብባል፤ ሙቀት እንዳይባክን ነው። ያ ደም ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ልብና አንጎል «ፈሳሽ በዝቷል» ብለው ይተረጉሙታል፣ ሽንትን የሚቆጥበው የፒቱታሪ ሆርሞንም ይቀንሳል፤ ኩላሊት ውሃውን ይለቅቃል። በርኖስዎን ደርበው ሰውነትዎ ሲሞቅ ይቀንስልዎታል። በጸሐይም ቀን ከበዛና ጥም ካለበት ግን ስኳርዎን ይለኩ። ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሣዎ፣ ሲወጣም የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ፕሮስቴት የተባለው ከፊኛ ሥር ያለ የወንዶች ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ይታዩ።

ጥያቄ፦ «ሞላሌ አካባቢ የምኖር የ48 ዓመት እናት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅርት አለብኝ፤ እናቴም አያቴም ነበራቸው። ሰው ከምንጩ ውሃ ነው ይላል። ሆስፒታል ደሜን አይተው የታይሮይድ ሆርሞንሽ አንሷል ብለው ክኒን ሰጥተውኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ውጬ ምንም ለውጥ ስላላየሁበት ተውኩት። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ልጄም አንገቷ ሞላ እያለ ነው። ይቆረጥልን ወይ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ልጅዎ ልናገር። ለቀጣዩ የእርግዝና ክትትል አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዳ አንገቷን ታሳይ፣ ወደ ሆስፒታል ተልካም የታይሮይድ የደም ምርመራ ታድርግ። ምክንያቱን ልንገርዎት። የፅንሱ አንጎልና ነርቭ ተሠርቶ እንዲያልቅ የታይሮይድ ሆርሞን የግድ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የራሱ ስለሌለው የሚጠቀመው የእናቱን ነው። እናት በጣም ካነሳት ልጁ በአእምሮ ዕድገቱ ሊጎዳ ይችላል። አምስት ወር ሆኗልና አልፎበታል ብለው ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ አንጎል ከዚያ በኋላም፣ ከተወለደም በኋላ ያድጋል። በእርግዝና ጊዜ ታይሮይድ ጥቂት ማበጡ ያለ በሽታም የሚሆን ነው፤ የሚለየው ምርመራው ነው።

አሁን ወደ ምንጩ ውሃ። ሰዎቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ውሃው ውስጥ እንቅርት የሚያመጣ መርዝ የለም፤ መኖር የነበረበት ነገር አንሶ ነው። ታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። በደጋው፣ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ በዚያ መሬት የበቀለው ገብስም፣ የምንጩ ውሃም አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢው የሚሠራበት ሲያጣ ሆርሞኑ ይቀንሳል። ፒቱታሪ ይህን ከደም ውስጥ ያየውና «ጨምር» የሚል የራሱን ሆርሞን ይልካል። ታይሮይድ መጨመር ስላልቻለ ያለችውን አዮዲን ሁሉ ለመያዝ ራሱ ያድጋል። ፒቱታሪ እንደገና ይልካል፣ ዕጢው እንደገና ያድጋል። አንገትዎ ላይ ያለው እብጠት ለዓመታት ሲተላለፍ የቆየ የዚህ ትእዛዝ ውጤት ነው። አያትዎ፣ እናትዎና እርስዎ አንድ ማሳና አንድ ምንጭ ስለተጠቀማችሁ ነው በዘር የመጣ የመሰለው። የእኔም አያት እንቅርቷ እንዲጠፋላት አንገቷን ዙሪያውን ተነቅሳ ነበር፤ ንቅሳቱ ያምራል፣ እንቅርቱ ግን አብሯት ኖረ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለአዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለነፍሰ ጡር 250። አንድ ግራም በሺህ ተከፍሎ፣ አንዱ እንደገና በሺህ ሲከፈል ነው ማይክሮ ግራም የሚባለው። አገራችን ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ገበያ ሲወጡ በጆንያ ተከፍቶ የሚሰፈረውን ጥሬ ጨው ትተው በአዮዲን የበለጸገ የሚል ጽሑፍ ያለውን የታሸገ ጨው ይግዙ። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃና ከጸሐይ ርቆ ይቀመጥ። ጨውን አይጠቡት፤ አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል። ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። ከወትሮው ያብዙት አላልኩም፤ መጠኑ ያው ሆኖ ዓይነቱ ይቀየር። ጎመንም አይፍሩ፤ አዮዲን ለማይጎድለው ሰው የበሰለ ጎመን ጉዳት የለውም። የአዮዲን ጠብታ ገዝተው ግን በራስዎ እንዳይጠጡ፤ እንቅርት ለብዙ ዓመታት የቆየበት ሰው ድንገት ብዙ አዮዲን ሲወስድ ዕጢው ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመነጭ ይችላል። ልብ ላይ ይወርዳል።

ስለ ክኒኑ ደግሞ እለምንዎታለሁ፣ ሐኪምዎ ጋ ተመልሰው ይጀምሩት። ይህ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ካሉት ዘገምተኞች አንዱ ነው። ደም ውስጥ ካለው ግማሹ ለመጥፋት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ሙሉ መጠኑ ላይ ለመድረስም አምስትና ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ሐኪሙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሰው ደም ይስጡ የሚልዎ ከዚያ በፊት መለካቱ ስለማይጠቅም ነው። በሁለት ሳምንት ምንም አለማየትዎ ተፈጥሯዊ ነው። ሲያቆሙትም ወዲያው ስለማይሰማዎ «አላስፈለገኝም ነበር» ያሰኛል፤ ድካሙ፣ የሆድ ድርቀቱና ብርዱ ተመልሶ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መንዝ ላይ ሁሉም ሰው ስለሚበርደው ብርዱን በሽታ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። እርስዎ ይጠርጥሩ። ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጡት፤ ቡናና ቁርስ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይሁን። የብረት ወይም የካልሲየም ክኒን የሚወስዱ ከሆነ አራት ሰዓት ያራርቁት።

ቀዶ ሕክምናው የሚመጣው እብጠቱ መተንፈስን ወይም መዋጥን ሲከለክል፣ በአጭር ጊዜ ሲያድግ፣ ድምፅ ሲጎረንን፣ ወይም ምርመራው የሚያሳስብ ነገር ሲያሳይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለ አይዘግዩ። ከሌለ ለብዙ ዘመን የኖረ እንቅርት በጨው ባይጠፋም ቢላዋ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሰላ ድንጋይ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ ይወጋል። ማቀዝቀዣ ስለሌለን መስኮት ላይ ነው የማስቀምጠው። አንዳንድ ሌሊት እያላበው ይንቀጠቀጣል። እንደ እኩዮቹ ፍልሰታን ልጹም እያለም ያስቸግረናል፤ ከጾመ ኢንሱሊኑን ልተውለት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኢንሱሊኑን ለአንድ ቀንም ቢሆን እንዳይተውለት። የልጅዎ ቆሽት ኢንሱሊን አይሠራም። ባይበላም እንኳ ጉበቱ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን አያቆምም፤ ኢንሱሊን ከሌለ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ ያስመልሰዋል፣ በአንድና በሁለት ቀን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ሁሉ ይሞት ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው የስኳር ሕመምተኛ ሆነ። ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚውለው በዚያ ግኝት ነው።

የሌሊቱ ላብና መንቀጥቀጥ ስኳሩ ከልክ በታች መውረዱን ይመስላል። አንጎል በስኳር ነው የሚሠራው፤ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ነርቭ አድሬናሊንን ይጠራል። ከላይ ለአሽከርካሪው የነገርኩት መንቀጥቀጥና የልብ ምት ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚህ አደጋው ውስጥ መሆኑ ነው። እያላበው ሲንቀጠቀጥ መለኪያ ካለዎት ይለኩ፤ ከሌለዎት ሳይጠብቁ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙለት፤ ሲሻለው ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም እንዳይሰጡት፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ። ይህ ደጋግሞ ከመጣ ሌላ ችግር ያስከትላል፦ ሰውነቱ ይለምደውና የማስጠንቀቂያው አድሬናሊን እየደከመ ይሄዳል፤ ልጁ ሳያልበውና ሳይንቀጠቀጥ በቀጥታ ይደነዝዛል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪሙ ጋ ሄዳችሁ የማታው መጠን ይታይ። መጠኑን እርስዎ አይቀንሱት።

መስኮቱ ያሳስበኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰላ ድንጋይ ውርጭ ይጥላል። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም ሥራ አይሠራም፤ በዓይን አይቶ መለየትም ላይቻል ይችላል። ለውርጭ ከተጋለጠ ይጣል። የተከፈተው ብልቃጥ ከ25 ዲግሪ በታች በሆነ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ለ28 ቀን ይቆያል፤ የእናንተ አገር ደግሞ ሙቀት አያሰጋውም። ከመስኮትም ከምድጃም ርቆ፣ ልብስ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የከፈቱበትንም ቀን ይጻፉበት። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚፈልግ ጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያስቀምጥላችሁ ይጠይቁ። ሸዋ ሮቢት ወይም ሌላ ቆላ ዘመድ ጋ ሲሄድ ብልቃጡን ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ አኑሩለት።

ጾሙን በተመለከተ፣ የልጁን ልብ አልንቅም። ከእኩዮቹ ጋር አብሮ መቁረብ የሚፈልግ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው። የንስሐ አባታችሁን ግን ልጁ ባለበት አነጋግሯቸው፤ ሕመሙን በግልጽ ንገሯቸው። ከሥጋና ከወተት መከልከሉን ሐኪሙ ምግቡን አስተካክሎለት ሊችለው ይችላል። ኢንሱሊን ተወግቶ ያለ ምግብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን አይችለውም። ለእሱ ይህን ከእርስዎ ወይም ከእኔ ይልቅ አባ ቢነግሩት ይቀበለዋል። ወደ ሐኪሙ ስትሄዱም ሌሊት ያላበው በየትኞቹ ቀናትና በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ማታ ምን እንደበላ ጽፋችሁ ያዙ፤ መጠኑን ለማስተካከል ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ያ ወረቀት ነው።